ቡትሎደሩን ሳያዩ ስልክ መግዛት

ሰሞኑን ወደዚህ ዓምድ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሩት ናቸው። ዋጋው ቀለል ያለ፣ ግን ባለቤቱ እንደልቡ የሚያዝበት ስልክ የቱ ነው የሚል ነው ነገሩ። ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ሩት ማድረግ ስልክህ ላይ የመጨረሻውን ሥልጣን መያዝ ነው፤ አምራቹ የቆለፈውን ፋይል ትከፍታለህ፣ አልጠፋም ያለውን አፕ ትነቅላለህ፣ ካሻህም ሲስተሙን በሌላ፣ ካስተም ሮም ወይም በአጭሩ ሮም በሚባለው፣ ትቀይራለህ። ቡትሎደር ደግሞ ስልኩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እንደ ግቢ ዘበኛ የማያውቀውን ሲስተም አያስገባም። እሱ ካልተከፈተ ስለ ሩት ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ መልሶቼ ከካሜራና ከራም በፊት ደጋግመው ወደዚያው ቢመለሱ አትገረሙ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

25 ሺህ ብር አለኝ፣ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በእጄ 25 ሺህ ብር አለ። ሩት አድርጌ ካስተም ሮም መሞከር፣ ተርሙክስ በሚባለው አፕ ላይ ኮድ መጻፍ እፈልጋለሁ። ላፕቶፔ ደካማ ስለሆነ ስልኩ ብዙ ሥራ ይሠራልኛል። ሁለት ሲም ግዴታ ነው፣ አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱ ሳፋሪኮም። ጓደኞቼ «16 ጊጋ ራም» ያለው አዲስ ኢንፊኒክስ ግዛ ይሉኛል፤ አንዱ ደግሞ ያገለገለ ሬድሚ ኖት 10 ፕሮ ይሻልሃል አለኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ያገለገለውን ግዛ ያለህን ስማ። ግን ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ብትገዛ ነገ ሌላ ስልክ ስትመርጥ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣብሃልና ትንሽ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ያቺን 16 ጊጋ እንያት። ካርቶኑ ላይ ያለውን ትንንሽ ጽሑፍ ካነበብከው አብዛኛውን ጊዜ 8 ሲደመር 8 ይላል። የፊተኛው 8 እውነተኛ ራም ነው። የኋለኛው ከማከማቻው ላይ ተቆርጦ ራም የተባለ ነው፤ ማከማቻ ደግሞ በፍጥነት ከራም አጠገብ አይደርስም። ስለዚህ አንተ የምታወዳድረው 8ን ብቻ ነው። ሻጩ 16 እያለ ሲጠራልህ ፈገግ ብለህ እለፈው። ይልቅ የማከማቻውን ዓይነት ጠይቅ፤ ዩኤፍኤስ ከሆነ ጥሩ፣ ኢኤምኤምሲ ከሆነ ገና በአዲስነቱ አፕ ሲጭን ያዘግማል፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ስታክ ማድረግ ይጀምራል።

ኢንፊኒክስ፣ ቴክኖና አይቴል የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የሚያመርታቸው ትራንሽን የሚባል የቻይና ኩባንያ ነው፣ እዚህ አገር ውስጥም መገጣጠሚያ አለው። አልጠላቸውም። ባትሪያቸው ይቆያል፣ መለዋወጫቸው ክፍለ ሀገር ድረስ ይገኛል፤ ለእናትህ ስልክ ምረጥልኝ ብትለኝ ከእነሱ አንዱን ነበር የምልህ። የብዙዎቹ ቡትሎደርም ይከፈታል። ችግሩ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው፦ የሚጫን ሮም አታገኝም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አንድሮይድ የተሠራው ሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት፣ ላይ ነው። የከርነሉ ፈቃድ ጂፒኤል ይባላል፣ ስልኩን የሸጠ ኩባንያ ያሻሻለውን የከርነል ኮድ ለገዢው መስጠት አለበት ይላል። ርካሽ ስልክ ከሚያመርቱት ብዙዎቹ ወይ ኮዱን አይለቁትም ወይ ዘግይተው ጎደሎውን ይለቃሉ። ኮዱ ከሌለ ደግሞ በትርፍ ጊዜው ያለ ክፍያ ሮም የሚሠራው ልጅ ካሜራውንም ዋይፋዩንም የጣት አሻራውንም አሟልቶ ማስነሳት ይቸግረዋል። ያኔ የሚቀርህ ጂኤስአይ የሚባለው፣ ለማንኛውም ስልክ ይሆናል ተብሎ የሚዘጋጀው ጥቅል ሮም ነው፤ ጎግል በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር ትሬብል የሚባለውን አሠራር ካመጣ ወዲህ የተቻለ ነገር ነው። ይነሳል። ከዚያ ወይ ካሜራው ወይ ብሉቱዙ ወይ የጥሪ ድምፁ ያኮርፍብሃል።

ሬድሚ ኖት 10 ፕሮ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በ2021 የወጣ ስልክ ነው። ስናፕድራጎን 732ጂ፣ 120 ኸርዝ አሞሌድ ስክሪን፣ 5,020 ሚሊአምፒር ባትሪ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱን ሲሞችህን አስገብተህ ለሚሞሪ ካርድም ለብቻው ቦታ ይተርፍሃል። ዛሬ ፈጣን ከሚባሉት አይደለም፣ ለተርሙክስና ለፓይተን ግን አያንስም። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። አምራቹ ሻኦሚ የከርነሉን ኮድ ለቋል፣ ስልኩም በየአገሩ በብዛት ስለተሸጠ ሮም የሚሠሩለት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ሊኒየጅ ኦኤስ የተባለው ታዋቂ ሮምም በይፋ ከደገፋቸው አንዱ ነው። ቴሌግራም ላይ በኮድ ስሙ «ስዊት» ብለህ ፈልገው፤ ለእሱ ብቻ የተከፈቱ ግሩፖች ታገኛለህ። አንድ ነገር ቢበላሽብህ ካንተ በፊት የተበላሸበትና መፍትሄውን የጻፈ ሰው አለ። ለጀማሪ ይሄ ከሌላ 2 ጊጋ ራም ይበልጣል።

ስትገዛ ስሙን በደንብ አንብብ፣ በስም በማደናገር ሻኦሚን የሚያህል የለም። ኖት 10 አለ፣ ኖት 10ኤስ አለ፣ ኖት 10 5ጂ አለ፣ ቻይና ውስጥ የተሸጠ ሌላ ኖት 10 ፕሮ 5ጂም አለ። ውስጣቸው ይለያያል፣ የአንዱ ሮም ለሌላው አይሆንም። ያንተ ስናፕድራጎን 732ጂ ማለት አለበት፤ ሚዲያቴክ የሚል ካየህ ሌላ ስልክ ነው የያዝከው።

«ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ሻጩ ፊት *#06# ደውለህ የሚወጣውን አይኤምኢአይ (የስልኩን መለያ ቁጥር) ከካርቶኑ ጋር አስተያይ። *#*#6484#*#* ብትል የሻኦሚ የራሱ መፈተሻ ይከፈታል፤ ስፒከሩን፣ ማይኩን፣ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ሞክርበት፣ ሻጩ «እቸኩላለሁ» ቢልህም። የሻጩ የሻኦሚ («ሚ») አካውንትና የጎግል አካውንት ዓይንህ እያየ ይውጣ፤ ካርቶኑም ደረሰኙም ቢኖር አካውንቱ ካልወጣ አንድ ቀን ስልኩ ይቆለፍብሃል። ስክሪኑ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ጨለም ያለ ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ፎቶ ክፈትበት፤ እውነተኛ አሞሌድ ጥቁሩን ስክሪኑ የጠፋ አስመስሎ ያሳየዋል፣ ርካሽ ምትክ ከሆነ ግን ግራጫ ሆኖ ያበራል። ባትሪው ደክሟል ብለህ ተነሳና ከ25 ሺህህ ላይ ለባትሪ መቀየሪያ የምትሆን አስቀር።

ስልኩ እጅህ ከገባ በኋላ የራስህን የሚ አካውንት ከፍተህ ከስልኩ ጋር ታያይዛለህ። ይሄ በሲም ዳታ ነው የሚሆነው፣ በዋይፋይ እንቢ ይልሃል። ከዚያ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚ አንሎክን ፕሮግራም ስታስነሳ አብዛኛውን ጊዜ 168 ሰዓት ጠብቅ የሚል ይመጣል። ሳምንት ማለት ነው። ጠብቅ፣ በመሃል ከአካውንቱ አትውጣ፣ ቆጠራው እንደገና ሊጀምር ይችላል። በመጨረሻ ቡትሎደሩ ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና ፎቶህን ቀድመህ አውጣ።

ሬድሚው ካልተገኘ ፖኮ ኤክስ3 ኤንኤፍሲን እይ። ያው ቺፕ ነው፣ ስክሪኑ ግን አሞሌድ አይደለም፣ ሁለተኛውን ሲም ካስገባህም ለሚሞሪ ካርድ ቦታ የለህም። ወንድሙን ኤክስ3 ፕሮን በወረቀት ላይ ብታየው ያጓጓል፤ እኔ ግን ያገለገለውን አልገዛም፣ በድንገት ቦርዱ ሞተብኝ የሚል ቅሬታ በብዛት የተሰማበት ስልክ ነው። ሁዋዌ ከ2018 ወዲህ የቡትሎደር መክፈቻ ኮድ አይሰጥም፣ ኦፖና ቪቮም አብዛኞቹ በተለመደው መንገድ አይከፈቱም፤ በነጻ ቢሰጡህ ተቀበል፣ ለሩት ብለህ ግን ብር አታውጣባቸው። ሞቶሮላ መክፈቻ ኮድ በድረ ገጹ ይሰጣል፣ ናቲንግም ያለ ልመና ይከፈታል፤ እኛ ገበያ ላይ እንደ ሬድሚ እንደልብ ባይገኙም ካጋጠሙህ አትለፋቸው።

«አንሎክድ ነው» ብሎኛል ሻጩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ያገለገለ ስልክ ልልክለት ነው። ፒክስል 6ኤ እና ጋላክሲ ኤስ21 በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ፤ ሁለቱም የኔትወርክ ኩባንያው የቬራይዘን የነበሩ ናቸው፣ ሻጩ «አንሎክድ ናቸው» ይላል። ወንድሜ ግን «ቡትሎደሩ ይከፈታል ወይ?» እያለ አስቸገረኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድምሽ ነገሩ ገብቶታል። ሻጩ የሚልሽ የሲሙን ነው፦ የማንኛውንም ኩባንያ ሲም ይቀበላል ማለቱ ነው። እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ሲደርስም የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ይሠራበታል። የቡትሎደሩ ቁልፍ ሌላ ነው፣ አንዱ ሲከፈት ሌላው አይከፈትም።

ኤስ21ን ተዪው። ሳምሰንግ ለአሜሪካ ገበያ የሚሸጣቸው ባለ ስናፕድራጎን ስልኮች፣ የሞዴል ቁጥራቸው በእንግሊዝኛው «ዩ» ወይም «ዩ1» የሚያልቀው፣ ቡትሎደራቸው በይፋ አይከፈትም። ከቬራይዘን ተገዛ ከሌላ ተገዛ ለውጥ የለውም። የቬራይዘን ፒክስልም እንደዚያው ነው። ከጎግል ከራሱ ወይም ከኔትወርክ ኩባንያ ጋር ካልተያያዘ ሱቅ የተገዛ ፒክስል ግን ለሩት ከሁሉም የሚቀለው ነው፤ ሳምንት ጠብቅ የለ፣ አካውንት ክፈት የለ፣ ቢበላሽ እንኳ ጎግል የፋብሪካውን ሲስተም በነጻ ስላስቀመጠ በብሮውዘር በኩል ተመልሶ ይጫናል።

ከመክፈልሽ በፊት ሰውዬው ፊት እንዲህ አድርጊ። ስልኩን ዋይፋይ አስይዢው። ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብተሽ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኪው፣ የዴቨሎፐር ምርጫዎች ይከፈታሉ። እዚያ ውስጥ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የምትል አለች። ከተንቀሳቀሰች ግዢው። ደብዝዛ አልንቀሳቀስም ካለች ሻጩ የፈለገውን ቢምል ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ።

ስለ 6ኤ ሌላም ማወቅ ያለብሽ አለ። በ2025 ጎግል አንዳንዶቹ 6ኤ ስልኮች ባትሪያቸው የመጋል አደጋ አለበት ብሎ፣ 400 ጊዜ ያህል ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ አቅማቸውን የሚቀንስ ዝማኔ በግድ ጭኖባቸዋል። አሜሪካ ውስጥ የባትሪ ለውጥ አዘጋጅቶ ነበር፤ ስልኩ የሚመለከተው መሆኑን በአይኤምኢአዩ አጣሪና የሚቀየር ከሆነ እዚያው አስቀይረሽ ላኪው፣ እዚህ የጎግል አገልግሎት መስጫ የለም። 6ኤ የሚገባው አንድ ሲም ካርድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው መስመር በኢሲም፣ ያለ ካርድ በሚጫን ሲም፣ ነው የሚሆነው። ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የለውም። ወንድምሽን ስለነዚህ ቀድመሽ ጠይቂው። ገንዘብ ከተረፈሽ በ2024 የወጣውን 8ኤ ብትወስጂለት 7 ዓመት ዝማኔ ቃል የተገባለት ስልክ ነው፤ የሲሙ ነገር ግን እሱም ላይ ያው ነው።

የባንክ አፑ እንቢ አለኝ

ጥያቄ፦ መርካቶ ነጋዴ ነኝ፣ የማዘዋውረው ሁሉ በስልክ ነው። የእህቴ ልጅ «ፈጣን ላድርግልህ» ብሎ ሳምሰንግ ኤ52 ስልኬን ሩት አደረገው። ከዚያ ወዲህ የባንኬ አፕ «ይህ መሣሪያ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይዘጋል። ልጁ «የሚደብቅ ሞጁል አለ» ይላል። ላድርገው?

መልስ፦ አያድርጉት፣ ጋሼ። ልጁ ያለው ሞጁል አለ፣ ማጂስክ በሚባለው የሩት ማድረጊያ አፕ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ነው፣ የሚሠራበትም ጊዜ አለ። ግን ይሄ አይጥና ድመት ነው። የባንክ አፖች «ፕሌይ ኢንተግሪቲ» በሚባለው የጎግል አገልግሎት በኩል ስልኩ እንደ ፋብሪካው መሆን አለመሆኑን ይጠይቃሉ፤ ቡትሎደሩ ከተከፈተ መልሱ «አይደለም» ነው። ዛሬ የተደበቀው ከሳምንት በኋላ ይታወቅና አንድ ቀን ዕቃ አስጭነው መኪናው ቆሞ ሳለ ክፈል የሚባለው ሰዓት ላይ አፑ ይዘጋብዎታል። ባንኩም ቢሆን ክፋት የለበትም። ሩት የተፈቀደለት አፕ የሌላውን አፕ ጓዳ መበርበር ይችላል፤ የሚያንቀሳቅሱት ገንዘብ ባለበት ስልክ ላይ ያ ሥልጣን ባይኖር ይመረጣል።

ልጁ ሙሉውን የሳምሰንግ ኦርጅናል ሲስተም በኦዲን፣ በኮምፒውተር በሚሠራው የሳምሰንግ መጫኛ፣ ይመልስልዎት። ሁሉም ነገር ወደ ኦርጅናሉ ከተመለሰና ስልኩ በደንብ ከተነሳ በኋላ ብቻ ቡትሎደሩን ይቆልፈው። ቅደም ተከተሉን አደራ ይበሉት፤ የተነካካ ሲስተም እያለ ቢቆልፈው ስልኩ አይነሳም። ሲቆለፍም ስልኩ ላይ ያለው ስለሚጠፋ የደንበኞችዎን ስልክ ቁጥር ቀድመው ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የባንክ አፑ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የማይመለስም አለ። ሳምሰንግ ኖክስ የሚለው ጥበቃ ውስጥ አንዴ ከተቃጠለ የማይጠገን ፊውዝ አስቀምጧል፣ ስልኩ ሩት ሲደረግ ተቃጥሏል፤ «ሴኪዩር ፎልደር» የሚባለው የተቆለፈ ማህደር በዚህ ስልክ ላይ ከእንግዲህ አይሠራም።

እስከዚያው ሥራ እንዳይቆም ቴሌብርን በ*127# ይጠቀሙ፤ ባንክዎ ንግድ ባንክ ከሆነ *889# አለ። እነዚህ በአፕ ሳይሆን በኔትወርኩ በኩል ስለሚሄዱ ስልኩ ሩት ሆነ አልሆነ ግድ የላቸውም፣ በድሮው ባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራሉ።

እግረ መንገዴን አዲስ ሳምሰንግ ለሩት ልትገዙ ላሰባችሁ፦ በ2025 የመጣው የሳምሰንግ ሲስተም፣ ዋን ዩአይ 8፣ ቡትሎደር መክፈቻውን ከምርጫዎቹ ውስጥ አንስቶታል። የድሮዎቹ፣ እንደ ኤ52 ያሉት፣ እዚያ ዝማኔ ላይ ስለማይደርሱ አይነካቸውም።

ማስታወቂያ ሰለቸኝ፣ ሩት ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ስልኬ አንድሮይድ 12 የሆነ ቴክኖ ነው። ማስታወቂያው አላስኖረኝ አለ፣ ፓኬጅ የገዛሁ ቀን ያልቃል፣ ሳልፈልጋቸው የመጡ አፖችም አይጠፉም። ሩት ባደርገው ይሻለኛል?

መልስ፦ ለዚህ? አያስፈልግሽም። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ሩት የግድ የሚል አንድም የለም።

ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል አለ፣ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ያለ ነው። እዚያ ማስታወቂያ የሚያግደውን የአድጋርድን ነጻ የዲኤንኤስ አድራሻ ከድረ ገጻቸው ገልብጠሽ ጻፊ። የድረ ገጽና የብዙ አፖች ማስታወቂያ ወዲያው ይቀንሳል። የዩቲዩብ አይጠፋም፣ ማስታወቂያው ከቪዲዮው ጋር ከአንድ ቦታ ስለሚመጣ በዚህ መንገድ አይለይም።

ፓኬጅሽን የሚበላው ግን እኔ ብገምት ማስታወቂያው ሳይሆን ቴሌግራም ነው። በየግሩፑ የሚለቀቀውን ቪዲዮና ፎቶ ራሱ እያወረደ ያስቀምጣል። የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ገብተሽ በሞባይል ዳታ በራሱ ማውረዱን አጥፊው። ፌስቡክና ቲክቶክም ላይ ዳታ ቆጣቢውን አብሪ። እምቢ ያለ አፕ ካለ ኔትጋርድ የሚባለውን ጫኚ፣ ያለ ሩት የአንድን አፕ ኢንተርኔት ለይቶ ይዘጋል።

የማይጠፉትን አፖች በኤዲቢ፣ ከኮምፒውተር ስልኩን በሚያዘው የአንድሮይድ መሣሪያ፣ መንቀል ይቻላል። ኮምፒውተር ከሌለሽ ሺዙኩ የሚባል አፕ አለ፤ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ በዋይፋይ ዲበጊንግ በኩል ስልኩ ራሱ ላይ ይነሳል፣ ከዚያ ሌሎች አፖች በእሱ ፈቃድ ያንን ሥራ ይሠራሉ። የማትፈልጊው አፕ የሚነቀለው ከአንቺ አጠቃቀም ላይ ብቻ ነው፣ ስልኩን ፎርማት ካደረግሽው ይመለሳል፤ ይሄም ጥሩ ነው፣ ብትሳሳቺ መመለሻ አለሽ ማለት ነው። ምን እንደሆነ የማታውቂውን ግን አትንኪ፣ በተለይ ስሙ ውስጥ ሲስተም ወይም ፎን የሚል ያለበትን።

ሩት የምር የሚያስፈልገው ሙሉ አፕ ከነዳታው ባክአፕ ማድረግ፣ የሆስትስ ፋይል መቀየር፣ ፕሮሰሰሩን ማስተካከል ወይም ቻርጁ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲያቆም ማድረግ ለፈለገ ነው። የመጨረሻውን እንኳ አሁን ብዙ አዳዲስ ስልኮች ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ። ቴክኖሽን እንደያዝሽ ኑሪ።

ሞባይል ቤቱ «በአንድ ክሊክ» አለኝ

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነው። ስልኬ ሚዲያቴክ ቺፕ ያለው ነው። አንድ ሞባይል ቤት በኪንግ ሩት በአንድ ክሊክ ሩት አደርግልሃለሁ አለኝ። የጎረቤቴን ስልክ ግን ሌላ ቦታ ፍላሽ አድርገውት (ሲስተሙን እንደገና ጭነውበት) ኔትወርክ ጠፍቶበት ቀረ። ፈራሁ።

መልስ፦ መፍራትህ ልክ ነው። ኪንግ ሩት የድሮ አንድሮይድ ክፍተቶችን እየፈለገ የሚገባ አፕ ነበር፣ እነ አንድሮይድ 4 እና 5 ዘመን። ኮዱ ዝግ ነው፣ ስልክህ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማንም አይቶ አያውቅም፣ ለአሁኑ ስልክ ደግሞ አይሠራም። ዛሬ ማንም በአንድ ክሊክ ካለህ ውጣ።

የአሁኑ መንገድ ማጂስክ ነው፣ እንደ ከርነል ኤስዩ ያሉ ሌሎችም አሉ። ቡትሎደሩ ይከፈታል፤ ከስልክህ ሲስተም ውስጥ ቡት የሚባለው ፋይል ይወጣል፣ ከአንድሮይድ 13 ጋር በወጡና ከዚያ ወዲህ ባሉ ስልኮች ደግሞ ኢኒት ቡት የሚባለው፤ ማጂስክ አፑ ፋይሉን ያሻሽለዋል፤ በፋስትቡት፣ ከኮምፒውተር በሚሰጥ ትዕዛዝ፣ ተመልሶ ይጫናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ፋይሉ ስልክህ አሁን ከያዘው የሲስተም ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። «የዚህ ሞዴል ነው» ብሎ ከቴሌግራም የወረደ የሌላ ወር ፋይል ስልኩን እያበራ እያጠፋ ያስቀረዋል። ያልተነካውን ኦርጅናል ቡት ፋይል ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጥ፣ መመለሻህ እሱ ነው።

የጎረቤትህ ስልክ ላይ *#06# በሉበት። ቁጥሩ ባዶ ወይም ልክ ያልሆነ ከመጣ አይኤምኢአዩ ጠፍቷል። ሚዲያቴክ ስልክ ላይ አይኤምኢአይና የኔትወርክ ማስተካከያው ኤንቪራም የሚባል ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ባለሙያ ተብዬው ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባለው መጫኛ ላይ «ፎርማት ኦል» የሚለውን ከመረጠ አብሮ ይጠረጋል። «ዳውንሎድ ኦንሊ» የሚል ሌላ ምርጫ እዚያው አጠገቡ አለ። ስለዚህ ሰውዬውን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «ኤንቪራሙን ቀድመህ ባክአፕ ታደርጋለህ?» ምን እንደሆነ ካላወቀ ስልክህን ተቀብለህ ውጣ። መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ቀንም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ አይጀመርም፣ ላፕቶፕ ይሁን፣ የስልኩም ባትሪ ቢያንስ ከግማሽ በላይ ይሁን።

ሁልጊዜ «ኮታው አልቋል» ይለኛል

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው ያለሁት። ሃይፐር ኦኤስ የሚባለው አዲሱ የሻኦሚ ሲስተም ያለው ሬድሚ ገዛሁ። በሻኦሚ ኮሚዩኒቲ አፕ ቡትሎደር ለመክፈት ስጠይቅ ሁልጊዜ የዛሬው ኮታ አልቋል ይለኛል።

መልስ፦ ሰዓቱ ነው። ኮታው የሚታደሰው በቤጂንግ እኩለ ሌሊት ነው፣ አዲስ አበባም ጅዳም በእኛ አቆጣጠር ማታ 1 ሰዓት፣ ስልክህ ላይ 19:00 ማለት ነው። ያኔ ከመላው ዓለም ሰው አንድ ላይ ስለሚጫን በቅጽበት ያልቃል። 1 ሰዓት ሳይሞላ አፑን ከፍተህ ተዘጋጅ፣ ልክ ሲሞላ ንካ፣ ካልሆነ ነገም እንደዚያው። አካውንትህ ቢያንስ 30 ቀን የሞላው መሆን አለበት። ፈቃዱ ከተሰጠህ በኋላም የመጠበቂያ ጊዜ አለ። በአንድ አካውንት በዓመት የሚከፈተው አንድ ስልክ ብቻ ነው፣ የጓደኛህን ልክፈትለት ብለህ ዕድልህን አታባክን። ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ፣ ሃይፐር ኦኤስ ያልደረሰባቸውን የድሮ ሬድሚዎች የማወድሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የአማርኛ ፊደሉን መቀየር

ጥያቄ፦ ሩት አድርጌያለሁ፣ ሬድሚ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው። የስልኬ የአማርኛ ፊደል ግን አያምረኝም። ሌላ ፎንት ልተካበት?

መልስ፦ ትችላለህ። አንድሮይድ ይዞት የሚመጣው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይባላል፣ የሲስተሙ ፎንቶች ማህደር ውስጥ ነው ያለው። ኦርጅናሉን ፋይል አትደምስስ። የምትወደውን ፎንት በዚያው ስም አድርገህ በማጂስክ ሞጁል መልክ ጫነው፤ ስልኩ ሲነሳ የአንተን ከላይ ያሳያል፣ ኦርጅናሉ ከሥር እንዳለ ይቀመጣል። የምትመርጠው ፎንት እንደ ቋ፣ ኧ እና ፏ ያሉትን እንዲሁም ፣ እና ።ን የያዘ መሆኑን ቀድመህ ኮምፒውተር ላይ እየው፣ ጎደሎ ከሆነ ባዶ ሳጥን እየቆጠርክ ነው የምታነበው። ከጫንክ በኋላ ስልኩ አልነሳ ቢልህ አትደንግጥ። ሴፍ ሞድ አስነሳው፤ ማጂስክ ያኔ ሞጁሎቹን ሁሉ ያጠፋቸዋል፤ ከዚያ በደንብ አስነስተህ ያንን ሞጁል ብቻ አውጣው።